ከሄሮን እስከ ሞጆ፦ ግብ አውጥቶ ዳር ለማድረስ

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ላይ ቢሮ ተከራይተው ስድስት ሰባት ሰው ይመሩ ይሆናል። ምናልባት ትራንዚት ነው የሚሠሩት፤ ምናልባት የአንድ አስመጪ ወኪል ነዎት፤ ወይም ከአዲስ አበባ ተልከው የመጡ የድርጅት ተጠሪ። ግድግዳዎ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የራዕይ ወረቀት አለ፤ በዘርፉ ተመራጭና ተወዳዳሪ ድርጅት ስለ መሆን ያወራል። ማንም አያነበውም፤ እርስዎም ጭምር። ማውረድ አያስፈልግም፤ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። እኔ የምነግርዎ ግን ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ሥራ ስለሚሠራ ግብ ነው።

ምሳሌዬን በአብዛኛው ከወደብና ከባቡር እወስዳለሁ። ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በዚህች ከተማ በኩል ስለሚያልፍ፣ ጅቡቲ ያለ ሐበሻ ሆቴል ቢሠራም ትምህርት ቤት ቢመራም ከወደቡ ጋር መነካካቱ አይቀርም። የእርስዎ ሥራ ሌላ ከሆነ "ፋይል" ባልኩበት ቦታ ተማሪ፣ እንግዳ ወይም ታካሚ ብለው ያንብቡት።

1. ግቡ የማንን ችግር እንደሚያቃልል ይጻፉ

ወረቀት ያንሱና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ። ውስጡ ከቢሮዎ ውጭ ያለ አንድ ሰው መኖር አለበት። "የዶክመንቴሽን ክፍሉን ማጠናከር" ካሉ ሰው የለበትም። ክፍሉ ተጠናክሮ፣ አዲስ ኮምፒውተር ገብቶለት፣ መርካቶ ያለው ነጋዴ እንደ ድሮው ዲመሬጅ (የመዘግየት ቅጣት) ሊከፍል ይችላል። "ደንበኞቻችን በእኛ መዘግየት ምክንያት ዲመሬጅ እንዳይከፍሉ" ካሉ ግን ሰውም ገንዘብም አለበት፣ የእርስዎም ድርሻ ተለይቷል።

"በእኛ መዘግየት ምክንያት" የምትለዋን አይዝለሏት። ኮንቴይነር የሚዘገየው በብዙ ምክንያት ነው። መርከቡ ወረፋ ይጠብቃል፣ አስመጪው ከባንክ ጋር ያልጨረሰው ነገር ይኖራል፣ የማዳበሪያ ወቅት ደርሶ ከባድ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ይህን ሁሉ በግብዎ ውስጥ ከከተቱት ሠራተኛዎ የሚማረው ነገር ቢኖር ሰበብ መደርደር ነው። ሁሉንም አውጥተው ከጣሉት ደግሞ ግቡ ቀላል ሆኖ ለማንም አይጠቅምም። የሚፈልጉት እጅዎ የሚደርስበትን ጫፍ ነው።

ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ጅቡቲ የሆነው የቀጠናችን መንግሥታት ድርጅት፣ ኢጋድ፣ አንድ ጊዜ ይህን በደንብ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቋቋም ድርቅ በስሙ ውስጥ ነበር። በ1996 ስሙም ሥራውም ተለወጠ፤ ሰላምና የንግድ ትስስር ተጨመሩበት። ከዚያ የ2011 ክፉ ድርቅ መጣና የአባል አገሮቹ መሪዎች በዚያው ዓመት ናይሮቢ ላይ ተሰበሰቡ። ያወጡት ግብ ድርቅን ማጥፋት አልነበረም፤ ዝናብ መቅረቱን የትኛውም ስብሰባ አያስቀረውም። ያሉት፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር የሚከተለውን የነፍስ አድን ጥሪ እናብቃ ነው። ከብቱ እስኪያልቅና ሰው ቀዬውን ጥሎ እስኪወጣ መጠበቅ የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ይታረማል። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የከብት ገበያ ይጠናከራል፣ ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ይደርሳል። ግቡ ተሳካ ወይ ካሉኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ወቅት በወቅት ሲቀር ቦረናና ሶማሌ ክልል የሆነውን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቢሆንም ግቡ የቆመበት ቦታ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

2. ቁጥር ከማውጣትዎ በፊት ያለዎትን ይቁጠሩ

ብዙ አለቃ እዚህ ጋ ይቸኩላል። "በግማሽ እንቀንሳለን" ይላል፤ የምኑ ግማሽ እንደሆነ ግን አያውቀውም።

በቅርብ የተዘጉ ሃያ ፋይሎችን ያስወጡ። የተመረጡ አይሁኑ፤ መጨረሻ የተዘጉት ራሳቸው ይሁኑ። በእጅ ሠንጠረዥ ያስምሩና ለእያንዳንዱ ፋይል ስድስት ቀን ይሙሉ፦ ዕቃው ከመርከብ የወረደበት፣ ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ከአስመጪው የደረሰበት፣ ዴሊቨሪ ኦርደር የወጣበት፣ የጉምሩክ ትራንዚት ሰነዱ ያለቀበት፣ መኪናው ወይም ዋገኑ የጫነበት፣ ከወደቡ በር የወጣበት። ከዚያ በየመካከሉ ያለውን የቀን ልዩነት ያስሉ። ኤክሴል የሚያውቅ ልጅ ቢኖርዎትም የመጀመሪያውን በእጅ ቢሠሩት እመክራለሁ። ቁጥሩ እጅዎ ላይ ሲያልፍ የትኛው ፋይል ምን እንደሆነ ያስታውሱታል።

በመልቲሞዳል የሄዱትንና በዩኒሞዳል የሄዱትን በአንድ ሠንጠረዥ አይቀላቅሉ። በመልቲሞዳል እስከ ሞጆ ወይም እስከ ሌላው ደረቅ ወደብ ያለው ኃላፊነት የመልቲሞዳል ኦፕሬተሩ ስለሆነ የእርስዎ ድርሻ ይጠባል፤ በዩኒሞዳል ግን ጅቡቲ ላይ ያለው ጣጣ የእርስዎ ነው። ሁለቱን ካቀላቀሉ የሚወጣው ቁጥር የማንም አይሆንም።

ሠንጠረዡን ሲጨርሱ ሥራ የበዛበት ቦታ ችግሩ እንዳልሆነ ያያሉ። ዲክላራሲዮን የሚሞላው ሠራተኛ ፋይሉን ሲይዘው በሰዓታት ይጨርሰዋል። ቀኑን የሚበላው ፋይሉ ማንም ሳይዘው የሚተኛበት ጊዜ ነው። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደትና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለው አልገጠመም። የኮንቴይነሩ ቁጥር በአንድ አሃዝ ተሳስቷል። የአስመጪው ስም በኢንቮይሱ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። ማረሚያው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ግን ቻይና ያለ ላኪ ነው፣ ላኪው የሚሰማው መርካቶ ያለውን አስመጪ ነው፣ አስመጪው ደግሞ ችግሩን የሰማው ዕቃው ወደብ ላይ ከተራገፈ በኋላ ነው። መርከቡ ገና ባሕር ላይ ሳለ የሰነዱን ቅጂ አስልኮ መመልከት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ሃያ ፋይል ካልቆጠሩ በስተቀር ግን ይህ አይታይዎትም፤ ሠራተኛ ይጨምራሉ፣ ሠራተኛውም አብሮ ይጠብቃል።

3. አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀን፤ ቀኑ በየትኛው ካላንደር?

ለቁጥሩ አማካዩን አይጠቀሙ። ፍርድ ቤት ገብቶ ሁለት ወር የተቀመጠ አንድ ኮንቴይነር አማካዩን ያበላሸዋል። ሃያዎቹን ፋይሎች ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ይደርድሯቸውና መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን ይመልከቱ። ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ከደረሰ በኋላ እስከ በር መውጫ 11 ቀን ፈጀ እንበል። ግብዎ "7 ቀን" ቢሆን ሁሉም ይገባዋል። ሲፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምሩበት፦ ከ15 ቀን ያለፈ ፋይል ካለ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይምጣ። ከዚህ በላይ ቁጥር አያብዙ።

ቀኑ ላይ ግን ጅቡቲ ወጥመድ አላት። በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጅቡቲ በጀቷን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ትከፍታለች። አዲስ አበባ ያለው አለቃዎ "በሁለተኛው ሩብ ዓመት" ሲል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለቱ ነው፤ ጎንዎ ያለው ጅቡቲያዊ ባልደረባ ኤፕሪል ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ይስማማሉ፣ ፈርመው ይለያያሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ይካሰሳሉ። በጽሑፍ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ "ሩብ ዓመት" የሚለውን ቃል ከነጭራሹ ይተዉት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እኛ ጠዋት አራት ሰዓት የምንለው ለጅቡቲያዊው ዐሥር ነው፤ እሱ ዐሥር ሰዓት ካለ አዲሱ ሠራተኛዎ ማታ ሲቃረብ ሄዶ ዝግ በር ያንኳኳል። ዘመን ተሻግሮ እስከ ዛሬ የሚሠራ ስሕተት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ሳምንቱ ነው። እዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው የሚሠራው፤ ዓርብ ዝግ ነው። አዲስ አበባ እሑድ ዝግ ነው፣ ዓርብ ይሠራል። ባንክ አዲስ አበባ፣ ማኅተም ጅቡቲ የሆነ ጉዳይ ያለው ሰው በሳምንት ሁለቱም አገር ቢሮ የሚከፍትባቸው ቀኖች ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ "7 ቀን" ብለው ግብ ሲያወጡ የሥራ ቀን ነው ወይስ የካላንደር ቀን? ዲመሬጅ ዓርብንም እሑድንም ይቆጥራል። እርስዎም እንደ እሱ ይቁጠሩ።

በተረፈ የዓመቱን ፀባይ ያስገቡ። ከሰኔ ጀምሮ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ የሰው ጉልበት ይወርዳል። በረመዳን የሥራ ሰዓት ያጥራል። እኩለ ቀን አካባቢ ጫት ከገባ በኋላ ፊርማ መለመን የጀማሪ ሥራ ነው። ትልቁን ለውጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ላይ ያድርጉት፤ ነሐሴን ለጥገና ይተዉት።

4. የማይሠሩትን ይወስኑ

አጭር ክፍል ነው፤ ግን አይዝለሉት።

የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንደሚዘረጋ ይዞ ነበር። ዕቅዱ በሰኔ 2007 ሲዘጋ ሥራ የጀመረ የረጅም ርቀት መሥመር አንድም አልነበረም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንኳን የተከፈተው በመስከረም 2008 ነው። እኔ በዚያ ቁጥር የምቀልድ ሰው አይደለሁም፤ ድህነትን የሚያይ መሪ ትልቅ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን ከእነዚያ መሥመሮች ሁሉ የአገሪቱ ጉሮሮ የሆነው የጅቡቲው ነበር፤ ብርና ባለሙያ ሲያንስ ቀድሞ የሚድነው የትኛው እንደሆነ ከመነሻው በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ ክርክሩ ይቀል ነበር።

እርስዎም የዓመቱን ሥራዎች ይዘርዝሩና ብር ወይም ሰው ቢያንስ መጀመሪያ የሚቆመውን በቀይ ያስምሩ። ዛሬ ያስምሩት። አለዚያ ችግሩ ሲመጣ የሚጮኸው ሰው ነው የሚመርጥልዎት።

5. በየፌርማታው የሚጠቅም አድርገው ይቁረጡት

በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋ አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ። በ1895 ታኅሣሥ ላይ ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ። እዚያ ላይ ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር። ነጭ ዓባይ እስከ ዛሬ አልተደረሰም።

እንግዲህ ይህ ሥራ ከስሟል ይባላል? አይባልም። ድሬዳዋ ላይ ሲቆም እንኳን የሐረርጌ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር መውረድ ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ቢቀር የሚበላ ነገር ነበረበት። ሥራውን ሲቆርጡ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ እዚህ ላይ ቢቋረጥ ማን ምን ያገኛል? "ጥናት ማጠናቀቅ"፣ "ሥልጠና መስጠት"፣ "ሲስተም መግዛት" የሚባሉ ፌርማታዎች ላይ ማንም አይወርድም፤ ማንም አይሳፈርም። የትራንዚት ቢሮዎን ካነሳን የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ደንበኞችን ብቻ መርጦ ሰነዳቸውን መርከቡ ሳይደርስ ማረም ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁሉ ቢቀር እነዚህ ሦስቱ ተጠቅመዋል፤ አራተኛው ደንበኛም ወሬውን ሰምቶ ራሱ ይመጣል።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ይህን አንድ ጊዜ አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ወደብ ላይ ተጨናነቁ። ሐዲዱ ገና አልተመረቀም፣ ኤሌክትሪኩም አልደረሰም። ግን ሐዲዱ ነበረ። በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተጎተተ እህል ወደ መሐል አገር ገባ። ሙሉ እስኪሆን እንጠብቅ ቢባል ኖሮ የሚጠብቀው ረሃብ ነበር።

6. መድረሻውን ይያዙ፤ መንገዱን ይልቀቁ፤ ብሩ የማን እንደሆነ ይወቁ

በውሉ ላይ የተጻፈው ሐረር ነበር። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ገንዘብ የሚያስጨርስ ሆነ። መሐንዲሶቹ መሥመሩን ከተራራው ሥር በሜዳው ወሰዱት፣ ጣቢያውም ባዶ ሊባል በሚችል መሬት ላይ ቆመ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ያሉት ቦታ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። የሐረር ነጋዴ ቅር ቢለውም ዕቃው ባሕር ደረሰ፤ ግቡም ይኸው ነበር።

በቢሮ ሲሆን ሰው የሚሟገተው ለመንገዱ ነው። "በዚህ ፎርም ነው የምንሠራው፣ በዚህ ባንክ ነው የምንከፍለው፣ በመኪና እንጂ በባቡር ጭነን አናውቅም።" መንገዱን ያወጣው ሰው አብሮ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ይሉኝታ ይገባል። ስለዚህ ግቡን ሲጽፉ ዘዴውን በተለየ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ ይጻፉት። በየሦስት ወሩ የዘዴው ወረቀት ይቀደድ፣ የግቡ ወረቀት ይቆይ። ዘዴ የተለወጠበት ሰው እንዳልተሸነፈ እንዲሰማው የመጀመሪያውን ለውጥ በራስዎ ሐሳብ ላይ ያድርጉት።

የዚሁ ባቡር ሌላው ታሪክ ይመርራል። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አጠረው። የእንግሊዝ ገንዘብ ገባበት። የፈረንሳይ መንግሥት መሥመሩ ከእጁ ሊወጣ ነው ብሎ ደነገጠና እ.ኤ.አ. በ1902 ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉመው፣ በምትኩም በጉዳዩ ሊያዝበት። ምኒልክን ማንም አልጠየቃቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው ንግድ ብለው የፈቀዱት ሐዲድ የሌላ መንግሥት መሣሪያ ሆኖ ድሬዳዋ ደረሰ። ተቆጡ፣ ለቀጣዩ ክፍልም እሺ ሳይሉ ቀሩ። ኩባንያው ከሰረ፤ አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራው እንደገና የተነሳው ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ተንኮሉን ብቻ ያወራል። እኔ የማየው የግብ ችግር ነው። ሁለት ወገን አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ግብ ነበራቸው፤ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስም ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ስለዚህ ዋና ሥራ ሲጀምሩ ገንዘብ የሚሰጥዎትን ሰው፣ የአዲስ አበባ አለቃም ይሁን ሸሪክ ወይም ለጋሽ ድርጅት፣ ፊት ለፊት ይጠይቁት፦ "ይህ ነገር ተሳካ የሚሉት ምን ሲያዩ ነው?" መልሱን በእሱ ቃል ይጻፉና መልሰው ይላኩለት። የእርስዎ መልስና የእሱ ካልገጠሙ ዛሬ መጣላት ይሻላል። ባለቤቱ ሁለት የሆነ ግብ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ድሬዳዋ ላይ እንደቆመው።

7. የሳምንቱ ስብሰባ

እሑድ ወይም ሰኞ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ግማሽ ሰዓት ቢበዛ። ሻይ ይምጣ፤ ላፕቶፕ ይዘጋ። ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይሁን።

የዚህ ስብሰባ ጠላት "እየተሠራ ነው" የምትል መልስ ናት። ትሕትና ያለባት ትመስላለች፤ ውስጧ ምንም የለም። እንዲህ ነው የምትመጣው፦

"የመስታወቱ ኮንቴይነር የት ደረሰ?"

"እየተሠራ ነው ጋሼ።"

"ማን እጅ ላይ ነው?"

"ማለት… ወኪሉ ቢሮ ሄጄ ነበር፣ ሐሙስ ና ብለውኛል።"

"ሐሙስ የሳምንቱ መጨረሻ ነው። ያን ቀን ካልሰጡ እሑድ ነው። ደንበኛው ያውቃል?"

"አልነገርኩትም።"

"በል አሁን ደውልለት፤ ከዚያ አብረን ወኪሉ ጋ እንሄዳለን።"

እዚህ ንግግር ውስጥ ቁጣ የለም። የመጨረሻዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ "አብረን" ነው የሚለው። ልጁ ለአንድ ሳምንት የደበቀው ሰንፎ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ጋሼ ብሎ የሚጠራዎትን ሰው በሰው ፊት ቢያዋርዱት ከዚያ በኋላ ሁሉም ፋይል "እየተሠራ" ይሆናል፣ ሠንጠረዡም ግድግዳው ላይ እንደ ራዕዩ ወረቀት ይሆናል። በየሳምንቱ መጠየቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምን አለቀ፣ ምን ቆመ፣ ማን ጋ ቆመ። ለሦስተኛው መልስ "እኛ ጋ" ያለ ሰው በዕለቱ ይመስገን፤ እውነት የሚነገርበት ቢሮ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

"ኢንሻአላህ" እና "እግዚአብሔር ካለ" የሚሉትንም አይንቀፉ፤ የአገሩም የእኛም ወግ ነው። ብቻ ከኋላው ቀን ይኑር። "ማክሰኞ፣ ኢንሻአላህ" ጥሩ መልስ ነው።

በወሩ መጨረሻ ላይ ሃያውን ፋይል እንደገና ይቁጠሩ፤ በዚያው በስድስቱ ቀን፣ በዚያው በመሐለኛው አቆጣጠር። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አቆጣጠሩን ለመለወጥ ይፈተናሉ። ለአንድ ዓመት አይለውጡት። ቁጥሩ በጣም ቶሎ ከወረደ ደግሞ ይጠራጠሩ፤ አንድ ሰው "ሰነዱ ሙሉ ሆኖ የደረሰበት" የሚለውን ቀን አዘግይቶ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያደርገው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግብ በቁጥር ሲሆን የሰው እጅ ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። በወር ሁለት ፋይል ራስዎ ከኢሜይሉ ቀን ጋር ያስተያዩ።

8. ያለ እርስዎ ይሞክሩት

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሞቱ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ከመድረሱ ሦስት ዓመት በፊት። ከሳቸው በኋላም ሥራው አልቆመም።

አዲሱን ባቡርም ይመልከቱ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ ጅቡቲ ናጋድ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት በጥር። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነው። በሪባን መቁረጥና በሥራ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለ። ያም ሆኖ ባቡሩን ያንቀሳቅሱ የነበሩት በውል የመጡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 ከመቶ የያዙበት የጋራ ድርጅት ሥራውን በራሱ ሰው የተረከበው ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ነው። ለእኔ ከእነዚህ ቀኖች ሁሉ ትልቁ የመጨረሻው ነው፤ በቴሌቪዥን ብዙ ያልታየውም እሱ ነው። ሾፌሩ፣ የሲግናል ባለሙያው፣ የስምሪት ተቆጣጣሪው የራስ ሰው እስኪሆን ድረስ ሐዲዱ አለኝ ማለት ከባድ ነው። እርስዎም በግብዎ ወረቀት ላይ ከቁጥሩና ከቀኑ ሥር ሦስተኛ መሥመር ይጨምሩ፦ ይህን ሥራ ያለ እኔ የሚያካሂደው ማን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ?

መልሱን ለማግኘት ምክትልዎን ይሾሙና ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ይውጡ። ድሬዳዋ ዘመድ ካለዎት ወደዚያ ይሂዱ፤ ቅርብ ነው፣ አየሩም ይሻላል። ፊርማዎን ወክለው ይተዉ፤ የባንኩን ጭምር፣ በገደብ። ሥልክዎን አይዝጉ፤ ግን የሚደውለውን ሁሉ በማስታወሻ ይመዝግቡ። ማን ደወለ፣ ምን ፈለገ፣ ለምን ምክትሉ መመለስ አልቻለም። ከአንድ ደንበኛ ጋር በቃል ብቻ የተስማሙት ዋጋ ይኖራል። ወደብ ላይ እርስዎን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ ከምክትልዎ ጋር አስተዋውቀዋቸው አያውቁም። የይለፍ ቃሉ በእርስዎ ሥልክ ላይ ያለ አካውንት ይኖራል። ሲመለሱ ያንን ማስታወሻ ይዘው ከምክትልዎ ጋር ይቀመጡና አንድ በአንድ ያስረክቡት፤ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ይውጡ።